«ወደዳችሁት?» ማለት ከተውን በኋላ

ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ዩቲዩብ ላይ የምንለቀው ተከታታይ ድራማ ሦስተኛ ክፍሉ ላይ ደርሷል። ዛሬ የማካፍላችሁ የተመልካች አስተያየት ስንሰበስብ ያየነውን ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል እንደለቀቅን በጎግል ፎርም 14 ጥያቄ አዘጋጅተን ለምናውቀው ሰው ሁሉ በተንን። «ታሪኩን ወደዳችሁት?» «ለትወናው ከ1 እስከ 5 ስንት ትሰጣላችሁ?» መልሱ 4 እና 5 ብቻ ሆነ። ከሥሩ «በርቱ!» ይላል። ደስ አለን። ሁለተኛውን ክፍል ልንሠራ ስንቀመጥ ግን ከዚያ ሁሉ ምርቃት ውስጥ የሚያዝ ነገር አጣን። ጓደኛና ዘመድ ልፋታችንን አይቷል፤ ቅር እንዳይለን ብሎ ነው የሚመልሰው። ጥያቄያችንም ራሱ ምስጋና የሚለምን ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛውን ክፍል ከመልቀቃችን በፊት ስድስት ሰዎች ጋበዝን። ሦስቱ ጭራሽ አያውቁንም። አብረው ሲያዩ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ስለሚስቅ ለየብቻ አሳየናቸው። እኛ ጥግ ይዘን ስልክ ያነሱበትን፣ የሳቁበትን፣ የተቁነጠነጡበትን ደቂቃ መዘገብን። መሃል ገብቶ ማስረዳት ክልክል ነው። ሲያልቅ ጥያቄያችን አንድ ብቻ፦ «እስቲ ታሪኩን ላላየ ሰው እንደምትነግሪው አድርገሽ ንገሪኝ።»

የመጀመሪያዋ ተመልካች «ልጅቷና ፍቅረኛዋ በቤት ምክንያት ተጣሉ» ብላ ጀመረች። ደነገጥኩ። በዚህ ክፍል ብቅ የሚለው ልጅ እኮ ወንድሟ ነው! ከስድስቱ አራቱ እንደዚያው አሉ። ስክሪፕቱን ብናገላብጥ «እማዬ ቤቱን የተወችው ለሁለታችንም ነው» የሚል መስመር ነበር። ኤዲት ላይ ትዕይንቱ ተንዛዛ ብለን ቆርጠነዋል። እኛ ታሪኩን በቃላችን ስለምናውቀው መጉደሉ አልታየንም። የተቆረጠችውን አራት ሴኮንድ መለስናት፤ ግራ መጋባቱ በዚያው ቀረ።

የበረንዳው ትዕይንት ላይ ደግሞ ሦስቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ተመስጠው መስሎን ነበር። ለካ ንግግሩ አልሰማ ብሏቸው ነው፤ ነፋሱ ማይኩን ውጦታል። ልብስ በሞላበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግመን ቀዳነው፤ ልብስ ማሚቶ ያፍናል።

ከለቀቅን በኋላ ያገዘን ዩቲዩብ ስቱዲዮ (ባለቻናሉ ቪዲዮዎቹን የሚከታተልበት ገጽ) ላይ ያለው የሪቴንሽን ግራፍ ነው። በየቅጽበቱ ስንቱ ተመልካች እንደቀረ ያሳያል። የእኛ መስመር መግቢያው ሙዚቃ ላይ ቁልቁል ወርዷል፤ ለቀጣዩ ክፍል 40 ሴኮንዱን ወደ 8 አሳጠርነው። መስመሩ ከፍ ያለበትን ቦታ ግን በጥንቃቄ እዩት። ሰው መልሶ ያየው ወዶት ይሁን ሳይሰማው ቀርቶ፣ ግራፉ አይናገርም። ለዚያ ሰው መጠየቅ ግድ ነው። የዲስላይክ ቁጥርም እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ለባለቻናሉ ብቻ ስለሚታይ ስቱዲዮ ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉት።

ሁሉንም አስተያየት አልተቀበልንም። መጨረሻውን ሦስት ሰዎች በሦስት ዓይነት ቀይሩት አሉን። የአንዳቸውንም አልወሰድንም። ሦስቱም የነኩት የመጨረሻውን ደቂቃ ስለሆነ ግን እዚያ የተጣደፈ ነገር እንዳለ ገባንና አረዘምነው። ልጅቷ የእናቷን ክፍል ዝም ብላ የምታይበትን ትዕይንት ደግሞ ሁለት ሰው «ረዘመ» ቢለንም አልነካነውም። የድራማው ልብ እዚያ ነው።

አሁን ለሦስተኛው ክፍል አዳዲስ ተመልካቾች እየፈለግን ነው። የበፊቶቹ ስድስቱ ልጁ ወንድሟ መሆኑን አንዴ አውቀዋል፤ የጎደለውን እንደ እኛው በልባቸው ይሞሉታል።