ከጉዞ መልስ፦ የሚቀመጠውና የሚጣለው

ከጉዞ በተመለስኩ ማግስት ሻንጣዬን አራግፌ ወደ ዕለት ሥራዬ ከመሮጥ ይልቅ፣ ይዤ የመጣሁትን አንድ በአንድ እያነሣሁ የሚቀመጠውን ከሚጣለው መለየት እመርጣለሁ። ልብሱ አያከራክርም። የሚያከራክረኝ ከኪስ የሚወጣው ወረቀትና ስልኬን ያጨናነቀው ፎቶግራፍ ነው።

ከወረቀቶቹ መካከል ጽሑፏ ደብዝዞ መነሻና መድረሻው እንኳ በግድ የሚነበብ አንዲት የባቡር ቲኬት አለች። እንዲህ ያለው ወረቀት የሚታተመው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው፤ ገጹ ላይ የተቀባው ኬሚካል ሲሞቅ ይጠቁርና ብርሃን ሲያገኘው ወይም ሙቀት ባለበት ሲከርም ይደበዝዛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ለማስታወሻ ብሎ የሚያጠራቅም ሰው ውሎ አድሮ ባዶ ወረቀት ታቅፎ ይቀራል። ይህችን ቲኬት ግን ልጥላት አልቻልኩም፤ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አዛውንት ከጣቢያው ወደ ማደሪያዬ የሚወስደውን መንገድ ጀርባዋ ላይ በእርሳስ ሥለውልኛል፤ መታጠፊያው ላይ ያለውን ትልቅ ዛፍ እንዳልስተው ብለው ሁለት ጊዜ አክብበውታል። የእርሳስ ጽሑፍ በብርሃን አይደበዝዝም፤ ሥዕሉ ከቲኬቱ ዕድሜ በላይ ይኖራል ማለት ነው። የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀቶቹን ግን፣ ባርኮዳቸው ስምንና የጉዞ ማስያዣ ቁጥርን ስለሚይዝ፣ ቆራርጬ ጣልኳቸው።

ፎቶግራፉ ይበልጥ ይከብዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊንዳ ሄንከል በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙዚየም የጎበኙ ተሳታፊዎች ሙሉውን ፎቶ ያነሡትን ዕቃ በዓይናቸው ብቻ ካዩት ባነሰ ሁኔታ አስታውሰውታል፤ አንድን ክፍል አቅርበው ሲያነሡ ግን ይህ ጉድለት አልታየም። የእኔም ስልክ ይህንኑ የሚመሰክር ይመስለኛል። ዝነኛ ሕንፃዎችን ከፊት ለፊት ያነሣሁባቸው ምስሎች፣ ማንም ሰው ከእኔ አሳምሮ ያነሣቸው ከመሆናቸውም በላይ፣ ምን እያሰብኩ እንዳነሣኋቸው አይነግሩኝም። ብዙ እጅ ያሻሸው አሮጌ የበር እጀታ ፎቶ ግን በዚያች ሰዓት ያካፋ የነበረውን ዝናብና በሩ ሥር የተጠለልነውን ሰዎች ጨዋታ ያመጣልኛል። ስለዚህ የሕንፃዎቹን ያለ ርኅራኄ አጠፋለሁ፣ የእጀታውን አስቀራለሁ። የሚቀረውንም ዋናውን ፋይል ነው የማስቀምጠው፤ ብዙዎቹ የመልእክት መተግበሪያዎች ምስሉን ሲያሳንሱት የተነሣበትን ቀንና ቦታም አብረው ያጠፉታል።

ከዕቃ ይልቅ መጣሉ የሚያስቸግረኝ ቂም ነው። ስለ ጉዞው በተጠየቅኩ ቁጥር አፌ ላይ የሚቀድመው ግማሽ ቀን ያስጠበቀን አውቶቡስ ነው፤ ሰው ደግሞ ይስቅልኛል፣ እኔም እደግመዋለሁ። ደጋግመን የምናወራው እየጠነከረ፣ ያላወራነው እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በዚህ አያያዜ የጉዞው ሁሉ ትዝታ አውቶቡስ ጥበቃ ሆኖ ሊቀር ነው። አሁን ለጠየቀኝ ሁሉ ከአዛውንቱ እጀምራለሁ፤ አውቶቡሱን የማነሣው ጠያቂዬ ወደዚያው የሚሄድ ከሆነና መጠንቀቅ ካለበት ብቻ ነው።

ከሚቀመጠውም ከሚጣለውም ያልሆነ አንድ ክፍል ይቀራል፦ የሰው ንብረት። መንገድ ላይ «ላኪልን» ብለው አድራሻቸውን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፉልኝ ቤተሰብ አሉ፤ ስልኬን ማጽዳት ከመጀመሬ በፊት ፎቶዎቻቸውን ለይቼ ልኬላቸዋለሁ።