22 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ለምን ትደበቃለች?

ሐኪሙ የልጅቷን አከርካሪ ራጅ አይቶ «ጥምዝሙ 22 ዲግሪ ነው፣ ለጊዜው አያሰጋም፣ ከስድስት ወር በኋላ እናየዋለን» ሲል ወላጆች እፎይ ይላሉ። ልጅቷ ግን ሰፋፊ ሹራብ ብቻ መልበስ ትጀምራለች፤ ፎቶ ሲነሱ ከሰው ኋላ ትቆማለች። ቤተሰቡም «ይህቺን ለምታክል ነገር?» ይላል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ዲግሪው የሚለካው አንድ ነገር ነው፣ ልጅቷ መስታወት ውስጥ የምታየው ደግሞ ሌላ።

ያ ቁጥር የኮብ ማዕዘን ይባላል። ከጥምዝሙ በላይና በታች ይበልጥ ባዘነበሉት ሁለት የአከርካሪ አንጓዎች መካከል ይለካል፤ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ (የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም) ነው ይባላል። ራጅ ግን ጠፍጣፋ ምስል ነው። አከርካሪው ወደ ጎን ሲታጠፍ በራሱ ዙሪያም ይጠመዘዛል፤ ጥምዘዛው የጎድን አጥንቶችን በአንድ በኩል ወደ ኋላ ይገፋል። ጀርባ በአንድ ጎን የሚያብጠው፣ አንዱ የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት የሚወጣው፣ ወገብም በአንድ ጎን የሚሰረጉደው በዚህ ነው። ሁለት ተቃራኒ ጥምዝሞች ያሉት የ40 ዲግሪ ጀርባ እርስ በርሱ ተካክሶ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ ታች ወገብ አካባቢ ያለ የ25 ዲግሪ ነጠላ ጥምዝም ግን ገላን ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ቀሚስ ያጣምማል። ስለዚህ «ትንሽ ነው» የሚለው ማጽናኛ ልጅቷን አያሳምናትም። የባሰው ደግሞ ቤተሰቡ እንዳልገባው ያረጋግጥላታል።

«ቀጥ በይ!» የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው። አጥንቱ ውስጥ የገባ ጥምዝም ቀጥ ብሎ በመቆም አይስተካከልም፤ ቦርሳ በመሸከም ወይም አጎንብሶ በመቀመጥም አልመጣም። ትእዛዙ በተደጋገመ ቁጥር ልጅቷ የምትሰማው «ጥፋቱ የአንቺ ነው» የሚል ነው።

ታዲያ ስሜቷ እንዴት ይለካል? ኤስአርኤስ-22 የሚባል መጠይቅ አለ። 22 ጥያቄዎቹ አምስት ነገሮችን ይመለከታሉ፦ ሕመም፣ የዕለት እንቅስቃሴ፣ ለሰውነት ገጽታ ያለ አመለካከት፣ የአእምሮ ጤናና በሕክምናው መርካት። እያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይይዛል፣ 5 ጥሩው ነው። አጠቃላይ አማካዩን ብቻ አትዩ። ብዙ ታዳጊዎች ሕመማቸው ቀላል ነው፣ ይሮጣሉም፤ ስለዚህ በሕመምና በእንቅስቃሴ 4.7 አግኝተው በገጽታ 2.8 ቢሆኑ አማካዩ ችግሩን ይሸፍነዋል። መጠይቁን ልጅቷ ብቻዋን፣ ሐኪሙ ዘንድ ከመግባቷ በፊት ትሙላው። እናት አጠገቧ ከተቀመጠች መልሶቹ የእናት ይሆናሉ።

ቤት ውስጥ መጠይቅ አያስፈልግም፤ «ምን ይሰማሻል?» ማለትም ብዙ አይጠቅምም፣ መልሱ «ምንም» ነው። ተጨባጭ ነገር ጠይቁ፦ መልበስ ያቆምሽው ልብስ አለ? ለስፖርት ክፍለ ጊዜ የት ነው የምትቀይሪው? ከጓደኞችሽ ማን ያውቃል? ወንዶቹንም ጠይቁ። ትልልቅ ጥምዝሞች በሴቶች ላይ በጣም ስለሚበዙ ወንዶቹን የሚጠይቃቸው የለም፤ ሸሚዝ ማውለቅ የሚጠይቀው ስፖርትና ዋና ግን ለእነሱም ፈተና ነው።

ብዙው ውጊያ ያለው ብሬስ (ጥምዝሙ እንዳይብስ ገላን ዙሪያውን የሚይዝ ጠንካራ ድጋፍ) ላይ ነው። ብሬስ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ላለባቸውና ገና እያደጉ ላሉ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው፣ ካላደረጉት ደግሞ 48 በመቶው 50 ዲግሪ ሳይደርሱ እድገታቸውን መጨረሳቸውን አሳይቷል። በቀን በአማካይ ከ13 ሰዓት ገደማ በላይ ያደረጉት ስኬታቸው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ነበር። የታዘዘላቸው ቢያንስ 18 ሰዓት ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ 23 ሰዓት ታዞ በድብቅ 8 ሰዓት ከሚደረግ በግልጽ የተስማሙበት ሰዓት እንደሚሻል ነው። ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት፦ እንቅልፍ 9 ሰዓት፣ ከትምህርት መልስ 6 ሰዓት፣ 15 ሞላ። ብሬሱ ውስጥ ሙቀት እየለካ ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ የሚገጠም ከሆነ እሷ አውቃው ይሁን፤ ሰላይ ሆኖ ከተገኘ መተማመን ያልቃል።

የሚያስጠሉት ነገሮች ደግሞ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ተደርጎ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉው ሰዓት ይደረሳል። ከሥር ስፌት የሌለው፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ፣ ከብሬሱ በታች የሚወርድ ካናቴራ ይደረጋል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ቆዳ ይቆርጣል። ብሬሱ የሚነካው ቆዳ ላይ ቅባት አይቀባም፤ ያለሰልሰውና ቶሎ ይላጣል። ብሬሱ ሲወልቅ የሚታይ ቅላት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ችግር የለም፤ ከቆየ ወይም ቆዳው ከተላጠ ብሬሱን የሠራው ባለሙያ ያስተካክለው። «ቻይው» አትበሉ። ልጅቷ ጋደም ብላ ማሰሪያው ቢጠብቅ ብሬሱ በትክክል ይገጥማል። ምግብ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። አዲስ ልብስ የሚገዛው ብሬሱ ከመጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተገዛ አይገጥምም። የብሬሱን ቀለም እሷ ትምረጥ።

ለስፖርት ብሬሱ ወልቆ መጫወት ይቻላል፤ ቀላልና መካከለኛ ጥምዝም ከእግር ኳስም ከዋናም አያግድም። «ትጎጂያለሽ» ብሎ ማስቀረት ሰውነቷ የሚሰበር ዕቃ እንደሆነ ማስተማር ነው።

ጓደኞች ለሚጠይቁት አጭር መልስ አስቀድማ ብታዘጋጅ ይጠቅማታል፦ «አከርካሪዬ ተጣሞ ስለሚያድግ ነው፣ ይሄ ይይዘዋል፤ አይተላለፍም።» ቀድማ ለአንድ ለምታምናት ጓደኛ መናገሯ ሁሉንም ከመደበቅ ይቀላል።

ጥምዝሙ ከ45 ወይም ከ50 ዲግሪ አልፎ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚሻሻለው የገጽታ ነጥብ ነው። ሆኖም የጎድን እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ረጅም ጠባሳም ይኖራል፤ «ከዚህ ውስጥ በጣም የሚያስጨንቅሽ የትኛው ነው፣ ትከሻሽ፣ ወገብሽ ወይስ እብጠቱ?» ብሎ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠይቃት።

ከሁለት ሳምንት በላይ ከሰው ከራቀች፣ እንቅልፏ ከተዛባ፣ ወይም ምግብ ቀንሳ ብሬሱ ከሰፋባት ጉዳዩ ከኦርቶፔዲክስ ሐኪም በላይ ሆኗል፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያት። ራሷን ስለመጉዳት ከተናገረች ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ነው።