የጠመንጃ ፈቃዴ በእጄ ገባ፦ የአንድ ጀማሪ አጋዘን አዳኝ ማስታወሻ

ፈቃዱ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ በፖስታ መጣ። ፎርሙን ካስገባሁ ስድስት ወር ሊሞላኝ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። አደን ልጀምር ነው ብዬ ስነግራችሁ "እንግሊዝ አገር ደግሞ ጠመንጃ ለሰው ይሰጣሉ እንዴ?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ይሰጣሉ። ግን እኔ ከጀመርኩበት ጫፍ አትጀምሩት። ይህን ቁጭ ብዬ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

እኔ የጀመርኩት ከጠመንጃው ነው። ያደግኩት አያቴ ቤት፣ ምንሽሩ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እያየሁ ነው። ጠመንጃ ለእኔ ከአባት የሚወረስ፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ነበር። ሰፎክ በምትባል የእንግሊዝ አውራጃ ገጠር መኖር ስጀምርና አደኑ ልቤን ሲስበው፣ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ካሊበር፣ ማለትም ስለ አፈሙዝና ጥይት ስፋት፣ ሳነብ ከረምኩ። የትኛው ይሻላል፣ የትኛው ትከሻ አይመታም። በኋላ አስተማሪዬ የሆኑት እንግሊዛዊ ሽማግሌ ዝም ብለው አዳመጡኝና ስጨርስ "የት ልታድን ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ፖሊስን "ይህ ሰው በቂ ምክንያት አለው ወይ?" ብለህ እርግጠኛ ሁን ይለዋል። ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ለየብቻ ነው። "አደን እወዳለሁ" ማለት አይበቃም። በማን መሬት ላይ፣ ምን ዓይነት እንስሳ፣ በምን ካሊበር፣ በዓመት ስንት ጊዜ፤ ይህ ሲሟላ ነው ምክንያት የሚሆነው። ራሴን ልከላከልበት የሚለውን ደግሞ ጭራሽ አታስቡት፤ እዚህ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም።

ስለዚህ ፎርሙን አስቀምጬ ጫካ ገባሁ።

ፈቃድ ሳይኖር እንዴት ይለመዳል ለምትሉ፣ ሕጉ በር ትቷል። 17 ዓመት የሞላው ሰው የማደን መብት ያለው ባለ ፈቃድ አጠገቡ ሆኖ፣ በግል መሬት ላይ፣ የእሱን ጠመንጃ ተውሶ ማደን ይችላል። እኔም በ2024 መጸው ላይ ከሽማግሌው ጋር መውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጠመንጃ አላስያዙኝም። የሩቅ ማያ መነጽር ብቻ። ሦስት ወር ያህል ማየትና መራመድ ነበር ሥራዬ።

አጋዘን እያልኩ የምጠራው እነሱ ዲር የሚሉትን ነው። አገር ቤት አጋዘን የምንለው ሌላ እንስሳ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኛው የተጠማዘዘ ቀንድ ዕድሜ ልኩን አይወልቅም። የእነዚህ ግን በየዓመቱ ወልቆ እንደገና ይበቅላል። ብሪታንያ ውስጥ ስድስት ዓይነት አሉ፤ ከጥንት ጀምሮ የአገሩ የሆኑት ሁለቱ ብቻ፣ ቀዩና ሮ የሚባለው ትንሹ ናቸው። ተኩላውም ሊንክሱም ከጠፉ ቆይቷል። ስለዚህ የሚቀንሳቸው የለም። ቁጥራቸው ሁለት ሚሊዮን ያህል እንደሚደርስ ይገመታል።

ይህን ቁጥር ከማንበብ ይልቅ ያሳመነኝ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ሽማግሌው ባለ መሬቱ የተከሉት የኦክ ችግኝ ጋ አቁመውኝ ጫፉን በጣቴ አስዳሰሱኝ። ተቆርጦ ሳይሆን ተቀድዶ፣ እንደ ተበጠሰ ገመድ ክሩ ተንጠልጥሏል። አጋዘን እንደ በግ የላይ ፊት ጥርስ ስለሌለው ቅጠሉን ነክሶ ይቀድደዋል። ጥንቸል ግን እንደ ቢላ ቆርጣው ነው የምትሄደው። ከዚያ ዞር ብዬ ሳይ ረድፉ ሁሉ እንደዚያው ነው። አንድም ቀና ያለ ችግኝ አልነበረም። "በቂ ምክንያት" የሚለው ቃል የገባኝ ያኔ ነው። ምክንያቱ የባለ መሬቱ ነበር። እኔ ልረዳቸው የምችል ሰው መሆኔን ማሳየት ነበረብኝ።

ፌብሩዋሪ ላይ፣ በሽማግሌው ጠመንጃ፣ የመጀመሪያዋን ሮ ጣልኩ። ሰባ ሜትር ያህል ርቃ ጎኗን ሰጥታን ቆማለች። ከጀርባዋ ለስላሳ የአፈር ዳገት አለ፤ ጥይቱ ቢያልፍ እዚያው ይቀበራል። አፈሙዙን ምርኩዙ ላይ አሳርፌ፣ በልቤ በስመ አብ ብዬ፣ ትንፋሼን አውጥቼ ቃታውን ሳብኩ። ልሮጥ ስል ክንዴን ያዙኝ። "ቆይ" አሉኝ። አሥር ደቂቃ ቆምን። ሄደን ዓይኗን በምርኩዙ ጫፍ ነካ አደረጉ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሆድ ዕቃውን ማውጣት አስተማሩኝ። የሚወጣው ሙቀት በብርድ የደነዘዘ ጣቴን ሲያሞቀው ዝም አልኩ። ጉበቱን፣ ሳንባውን፣ ዕጢዎቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ፣ በሽታ ቢኖር ምን እንደሚመስል አስረዱኝ።

ስለ ሥጋው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልበለው። ዋላና ሚዳቋ ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት ተቆጥረዋል። በጥይት የወደቀውን ግን ንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው የበላሁት። እናንተም የየራሳችሁን ጠይቁ።

ፀደይ ላይ ደረጃ አንድ የሚባለውን የአጋዘን አደን ምስክር ወረቀት ፈተና ወሰድኩ። በሕግ ግዴታ አይደለም። ለጀማሪ ግን በጣም እመክራለሁ፤ ፈቃዱን የሚያጣራው የፖሊስ መርማሪ ቤት መጥቶ ሲጠይቃችሁ በእጃችሁ የምትይዙት ነገር ይኖራችኋል። ጽሑፉ አልከበደኝም። ወቅቶቹን በቃሌ አጥንቼ ነበር፦ በእንግሊዝ ወንዱ ሮ ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31፣ ሴቷ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31፤ ሙንትጃክ የሚባለው ሌላ ትንሽ አጋዘን ዓመቱን ሙሉ ስለሚወልድ የተከለከለ ወቅት የለውም። የከበደኝ ተኩሱ ነው። በመጀመሪያ ከመቶ ሜትር ሦስት ጥይት አራት ኢንች ክብ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ሁለቱ ተነካክተው ገቡ፤ ሦስተኛው ወጣ። ቃታውን በጣቴ ሥጋ እንደ መጫን ነጠቅ አድርጌው ነበር። ድጋሚ ዕድል ተሰጠኝ። ሦስቱም ገቡ። ከዚያ የአጋዘን ሥዕል ላይ ከመቶ ሜትር ተኝቶ፣ ከሰባ ተንበርክኮ፣ ከአርባ ቆሞ፣ ሁለት ሁለት ጥይት። ቆሞ መተኮሱን ቤት ውስጥ በባዶ ምርኩዝ ስለማመድ ስለቆየሁ አላሳፈረኝም።

ሜይ ላይ ፎርሙን ሞላሁ። ክፍያው ያኔ 198 ፓውንድ ነበር፤ ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። የጠየቅኩት ነጥብ 243 ካሊበር ነው። ለሮና ለትልልቆቹ ሕጉ ከነጥብ 240 ኢንች ያላነሰ ካሊበርና ከ1,700 ፉት ፓውንድ ያላነሰ ጉልበት ይፈልጋል፤ ይህኛው ያሟላል፣ ትከሻም አይጎዳም። የባለ መሬቱን የፈቃድ ደብዳቤ፣ የሽማግሌውን ደብዳቤና የፈተናውን ውጤት አያያዝኩ።

ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያውቃችሁ፣ እዚሁ አገር የሚኖር፣ ዘመድ ያልሆነ። እኔ የአክስቴን ልጅ አስቤ ነበር፤ አይሆንም። ከማኅበራችን አንዱን ወንድም ስጠይቀው "ስሜ ፖሊስ ጋ እንዲገባ አልፈልግም" አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በመጨረሻ አንድ ጎረቤትና ስምንት ዓመት አብሮኝ ያስቀደሰ ጓደኛ ፈረሙልኝ። ምስክሮቻችሁን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ብዙ ልቆይበት የምፈልገው ጉዳይ ጋ ደረስኩ። ፎርሙ ስለ ጤና ይጠይቃል፤ ድብርትና ጭንቀት በስማቸው ተጽፈዋል። እናቴ ያረፈች ጊዜ ለቀብሯ መድረስ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ያህል የድብርት መድኃኒት ወስጃለሁ። ይህን ከባለቤቴና ከሐኪሜ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ወዳጄ "አትጻፈው፣ ማን ያውቃል?" አለኝ። ጻፍኩት። አንደኛ፣ እያወቁ ሐሰት መጻፍ ራሱ ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ ሐኪም የሕክምና ታሪካችሁን አይቶ ለፖሊስ ካልጻፈ ማመልከቻው አይንቀሳቀስም። የተመዘገብኩበት ክሊኒክ ይህን ወረቀት አንሞላም ስላለኝ፣ ታሪኬን አስልኬ ሌላ የተመዘገበ ሐኪም ከፍዬ አስሞላሁ። በዚህ ብቻ ሰባት ሳምንት ሄደብኝ። ፎርሙን ከማስገባታችሁ በፊት ክሊኒካችሁን ጠይቁ።

መርማሪዋ ቤት ስትመጣ መጀመሪያ ያነሣችው ይህንኑ ነበር። አሁን እንዴት ትተኛለህ? ሲከፋህ ከማን ጋር ታወራለህ? መስቀለኛ ጥያቄ አልነበረም። እውነቱን ነገርኳት፤ ጻፈችው። ታመው ያውቃሉ ማለት አትፈቀድም ማለት አይደለም። መደበቅ ግን ያስከለክላል።

ከዚያ የብረት ቁምሳጥኑን አየች። ደረጃው ብሪቲሽ ስታንዳርድ 7558 ነው፤ ከጡብ ግድግዳ ጋር በብሎን አስሬዋለሁ። ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችው። ጥይቱ ለብቻው የሚቆለፍበት ክፍል አለው። ቀጥላ "ቁልፉ የት እንዳለ ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል?" አለች። ባለቤቴ ከወጥ ቤት "እኔ፤ ረከቦቱ መሳቢያ ውስጥ ነው" አለች። ይህ አይቻልም። ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ሚስትም ብትሆን፣ ቁልፉን ማግኘት የለበትም። በዚያው ቀን በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ሣጥን ገዛሁ። ቁጥሩን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። አያቴ ምንሽሩን ሰው እንዲያየው ነበር የሚሰቅለው፤ እዚህ መኖሩ ራሱ ባይታወቅ ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ጥያቄ አላስመረረኝም። እ.ኤ.አ. በ1996 ደንብሌን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ 16 ሕፃናትና አስተማሪያቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ተገደሉ። በ2021 ፕሊመዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አምስት ሰው የገደለው ወጣት፣ ፖሊስ ወስዶበት የነበረው ጠመንጃ ከተመለሰለት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር የሆነው። የሐኪሙ ወረቀት ግዴታ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆች አሉኝ። እኔም እንዲጠየቅ እፈልጋለሁ።

ፈቃዱ ሲመጣ ካሊበሩ፣ በአንድ ጊዜ ልገዛውና ላስቀምጠው የምችለው የጥይት ብዛት፣ መሬቱ፣ ሁሉም ተጽፎበታል። የወንዱ ሮ ወቅት ከተዘጋ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ የሴቷ ገና መከፈቱ ነው። አንድ ያገለገለ ጠመንጃ ገዛሁ። ሻጩ ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ጻፈልኝ፤ እኔም በሰባት ቀን ውስጥ ለፖሊስ አሳወቅኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሽማግሌው ጋር ወጥተን የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ጥይቱ ከሚመታበት ቦታ ጋር አስማማን። በስድስተኛው ጥይት መሐሉን ያዘ። ከዚያ ሦስት ተኮስኩ፤ ወረቀቱ ላይ ሦስቱም ቀዳዳ በአንድ የሁለት ፓውንድ ሳንቲም ይሸፈናሉ። ወረቀቱን አጥፌ ከፈቃዱ ጋር አስቀመጥኩት። የፊታችን ሐሙስ ሌሊት ላይ ተነሥተን የኦክ ችግኞቹ ጋ እንሄዳለን፤ ፀሐይ ልትወጣ አንድ ሰዓት እስኪቀራት ድረስ መተኮስ ክልክል ስለሆነ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው። ከቀናን ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል።