የፕላዝማን ነውጥ በላፕቶፕ ማስላት፦ ጎንደር ላይ የሠራሁትና የተማርኩት

የኑክሌር ፊውዥን (ቀላል አቶሞችን አዋህዶ ጉልበት የማመንጨት) ተመራማሪዎችን ለአሥርተ ዓመታት ያስቸገረው ፕላዝማን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ የተላቀቁበትን ትኩስ ጋዝ፣ ከማሞቅ ይልቅ ሙቀቱን ይዞ ማቆየት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ የሚገነባው ኢተር የተባለው ቶካማክ (ፕላዝማን በመግነጢሳዊ መስክ የሚይዝ የቀለበት ቅርጽ ያለው መሣሪያ) 150 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ፕላዝማ እንዲይዝ የተነደፈ ሲሆን፣ ከዚያ ትኩስ እምብርት እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሙቀትና የእፍጋት ቁልቁለት እንዲህ ሲከር ፕላዝማው ቁልቁለቱን የሚያፈርሱ ሞገዶችን ከራሱ ያፈልቃል፤ ሞገዶቹም አድገው ነውጥ ይሆናሉ። እኔ ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። በአቅራቢያዬ የፕላዝማ ቤተ ሙከራ ስለሌለ ይህን ነውጥ ከመሠረታዊ እኩልታዎቹ ተነሥቼ በላፕቶፕ ለማስላት ወሰንኩ።

ኮድ ከመጻፌ በፊት የችግሩን ታሪክ አነበብኩ። ቅንጣቶች በግጭት ብቻ ቢያፈተልኩ ኖሮ ፍሰቱ የመግነጢሳዊው መስክ ጥንካሬ ሲጨምር በካሬው ልክ በቀነሰ ነበር፤ መስኩን እጥፍ ማድረግ ፍሰቱን ወደ ሩብ ያወርደዋል ማለት ነው። ዴቪድ ቦም እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረበው ቀመር ግን እጥፍ መስክ ፍሰቱን በግማሽ ብቻ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ስለነበር የዘርፉን ሰዎች ተስፋ አደብዝዞት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1968 የሶቪየት ተመራማሪዎች ቲ-3 የተባለው ቶካማካቸው ከዚህ ቀመር እጅግ የተሻለ ውጤት ማስገኘቱን አሳወቁ፤ በማግስቱ ዓመት አንድ የእንግሊዝ ቡድን ሞስኮ ሄዶ የኤሌክትሮኖቹን ሙቀት በሌዘር ለክቶ አረጋገጠላቸው። ያም ሆኖ ቶካማኮች ከግጭት ስሌት ከሚጠበቀው በላይ ሙቀት ያፈሳሉ፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ነውጡ ነው።

የመረጥኩት ሞዴል አኪራ ሃሴጋዋና ማሳሂሮ ዋካታኒ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡትን ነው። ሁለት እኩልታዎች ብቻ አሉት፤ አንዱ የእፍጋቱን መዋዠቅ፣ ሌላው የአዙሪቱን ጥንካሬ ይከታተላል። ሁለቱን የሚያስተሳስረው ኤሌክትሮኖች በመስኩ መስመር ላይ ምን ያህል በነፃነት እንደሚሮጡ የሚወስን አንድ ቁጥር ነው፤ እዚህ የማስተሳሰሪያ ቁጥር እለዋለሁ። ትልቅ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹ ልዩነትን ቶሎ ያስተካክላሉ፤ ሲያንስ ግን ፕላዝማው እንደ ተራ ፈሳሽ መዞር ይጀምራል። እኩልታዎቹን በፓይተን ጻፍኳቸው፤ በሁለቱም አቅጣጫ 256 ነጥብ ያለው ሰሌዳ ተጠቅሜ የለውጥ መጠኖቹን (ዴሪቬቲቮቹን) መስኮቹን ወደ ሞገዶች በሚተነትነው የፉሪየር ዘዴ አሰላሁ፤ የሁለት ሞገዶች ብዜት የሚፈጥረውን ሐሰተኛ ሞገድ ለማስወገድም ከሞገድ ቁጥሮቹ የላይኛውን አንድ ሦስተኛ ዜሮ አደረግሁ።

«ኮምፒውተሩ የሚሰጥህን ከማመንህ በፊት በእጅህ አስላው» ብለው የመከሩኝ አንድ አንጋፋ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ከሥራው ሁሉ የላቀ ጥቅም ያገኘሁትም ከዚህ ምክር ነው። መዋዠቁ ገና ትንሽ ሳለ የእኩልታዎቹ ብዜታዊ ክፍሎች ችላ ስለሚባሉ፣ የእያንዳንዱ ሞገድ የዕድገት ፍጥነት ከአንድ የካሬ እኩልታ በወረቀት ላይ ይገኛል። እኔም ኮዱን በጣም ደካማ በሆነ መነሻ አስጀምሬ የአንዱን ሞገድ ዕድገት ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አስተያየሁ፤ ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ወደ ነውጡ ላለመሻገርም ወስኜ ነበር። በኋላ የሚመጣው የተዘበራረቀ ሥዕል ዓይን ስለሚማርክ፣ የተሳሳተ ኮድም ቢሆን አሳማኝ አዙሪት ሊያሳይ ይችላል።

በወረቀቱ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው የቅንጣቶቹ ወደ ውጭ ዝውውር ምሥጢር በትክክል የገባኝ። ክረምት ሲገባ የቀሃ ወንዝ አዙሪት ቅጠሉን ከመሐል ወደ ዳር እንደሚገፋው ሁሉ፣ የፕላዝማው አዙሪትም ቅንጣቶችን ከእምብርቱ ወደ ውጭ ይወስዳል። ነገር ግን አዙሪት መኖሩ ብቻውን ፍሰት አያመጣም። የእፍጋቱ ሞገድና የኤሌክትሪካዊው እምቅ (የቮልቴጅ) ሞገድ ፍጹም እኩል ቢሄዱ፣ አዙሪቱ በአንድ በኩል ያወጣውን ያህል በሌላው በኩል ስለሚመልስ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። የተጣራ ፍሰት የሚገኘው አንዱ ከሌላው ትንሽ ሲዘገይ ነው። ኤሌክትሮኖች በመስኩ መስመር ሲሮጡ የሚገጥማቸው ግጭት ያቺን መዘግየት ይፈጥራል፤ ሞገዱን የሚያሳድገውም ይኸው መዘግየት ነው። ስለዚህ አለመረጋጋቱና ዝውውሩ አንድ ሥር አላቸው፤ ይህን ሳልረዳ ውጤቴን መተርጎም ባልቻልኩም ነበር።

በየእርምጃው የጉልበቱን ሒሳብ መዝገብ ያዝኩ፤ ከእፍጋቱ ቁልቁለት የገባው፣ በግጭት የጠፋውና በዝልግልግነት የጠፋው ተደምሮ ከጠቅላላው ጉልበት ለውጥ ጋር መመጣጠን አለበት። መብራት ሊቋረጥ ስለሚችልም ኮዱ የሁለቱን መስኮች ሙሉ ቁጥር በየጊዜው ወደ ዲስክ እንዲጽፍና ካቆመበት እንዲቀጥል አደረግሁ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር አየሁ፦ የተቀመጠው ቁጥር በአኃዝ ብዛት ትንሽ ካጠረ፣ ከዚያ የቀጠለው ስሌት ውሎ አድሮ ፍጹም የተለየ አዙሪት ያሳያል፤ አማካይ ፍሰቱ ግን በተፈጥሯዊው መዋዠቅ ወሰን ውስጥ ይቆያል። በነውጥ ላይ መተማመን የሚገባው በእንዲህ ዓይነቱ አማካይ ነው። አማካዩም ቢሆን መወሰድ ያለበት የመጀመሪያው የዕድገት ወቅት አልፎ ነውጡ ከረጋ በኋላ ነው፤ ጅማሬውን አብሮ መደመር ቁጥሩን ያዛባዋል።

ቀጥሎ ያደረግሁት ለውጥ ጥቂት መስመር ብቻ ነበር፤ ውጤቱ ግን የላቀ ሆነ። በእውነተኛ ቶካማክ ኤሌክትሮኖች በመስኩ መስመር ላይ የማይለዋወጥን ልዩነት ማስተካከል ስለማይችሉ፣ በማስተሳሰሪያው ክፍል ውስጥ የእምቁና የእፍጋቱ አማካይ መቀነስ አለበት። ይህን ስቀንስ በትልቅ የማስተሳሰሪያ ቁጥር ላይ አዙሪቶቹ ወደ ረጃጅም፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ወደሚሮጡ ጅረቶች ተለወጡ፤ ፍሰቱም በእጅጉ ወረደ። እነዚህ ዞናል ፍሰቶች የሚባሉት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ከነውጡ ራሱ ወስደው፣ ጎን ለጎን በሚሮጡበት የፍጥነት ልዩነት አዙሪቶቹን ይቆራርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ፍሪድሪሽ ቫግነር በጀርመን አስዴክስ ቶካማክ ላይ ያገኘው፣ ሙቀትን በድንገት በእጥፍ ገደማ የተሻለ ይዞ የማቆየት ሁኔታም በፕላዝማው ጠርዝ ላይ ከሚፈጠር ተመሳሳይ የፍጥነት ልዩነት ጋር ይያያዛል።

ከዚህ ሞዴል የቶካማክን የሙቀት ኪሣራ መተንበይ አይቻልም። በእምብርቱ ዋነኛ የሆነው አለመረጋጋት ከአዮኖች (ኤሌክትሮን ካጡት አቶሞች) የሙቀት ቁልቁለት የሚመነጭ ሲሆን፣ እሱን በአግባቡ ለማስላት ሦስት የቦታና ሁለት የፍጥነት ልኬቶችን የሚከታተሉ ኮዶች ያስፈልጋሉ፤ እነዚያም ትልልቅ ኮምፒውተሮችን ይጠይቃሉ። ዘንድሮ ለጀመሩ ተመራቂ ተማሪዎቼ የሰጠኋቸው ሥራ በሁለቱ እኩልታዎች ላይ የአዮን ሙቀትን ሦስተኛ አድርጎ መጨመርና የመስኩን ጥምዝነት በቀላል መልክ ማስገባት ነው፤ የዕድገት ፍጥነቱን በወረቀት የማውጣቱን ሥራም ጀምረዋል።