«አይን አላወጣልኝም» ያለ ሁሉ ችግሩ አንድ አይደለም

እንጀራ መጋገር የትርፍ ጊዜ ነገር አይመስልም። ውጭ አገር ግን ነው። እዚህ ሜሪላንድ የተጋገረ እንጀራ በየሐበሻ ሱቁ በፌስታል ይሸጣል፤ አልጋገርኩም ብሎ ጦሙን የሚያድር የለም። ቅዳሜ በጠዋት ተነስቶ ሊጥ የሚያቀጥን ሰው ወዶ ነው።

በኮሮና ጊዜ እንዲህ ያለው ጣጣ የሚያስደስተን ጥቂት ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ሊጡን ፎቶ እያነሳን እንላላካለን። ያማረልን ቀን እንጎርራለን፣ የተበላሸብን ቀን እንሳሳቃለን። ሰው ሰውን እየጋበዘ ከስዊድን፣ ከጀርመን፣ ከዱባይ፣ ከእስራኤል ገባ። አድሚንነቱ እኔ ላይ ወደቀ፤ ሌላ እሺ ያለ ስላልነበረ ነው።

ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። «እንጀራዬ አይን አላወጣልኝም፣ ምን ላድርግ?» ሰኞ አንዷ ትጠይቃለች። ማክሰኞ ሌላው። ሐሙስ ደግሞ የማክሰኞው መልስ ገና ስክሪኑ ላይ እያለ ሌላ ሰው ያንኑ ይጠይቃል።

ነባሮቹ ሰለቻቸው፤ አልፈርድባቸውም። «ወደ ላይ ወጣ ብለሽ ፈልጊ» የዘወትር መልስ ሆነ። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል፤ መልሱ እዚያው አለ አይደል? እስቲ ራሳችሁ ሞክሩት። አንዱ «አይን» ብሎ ጽፏል፣ ሌላው «ዓይን»፣ ሦስተኛው «ዐይን»፣ አራተኛዋ ደግሞ በላቲን ፊደል። አንዱን ጽፋችሁ ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። ከመልሱ ብዙው ደግሞ ድምፅ ነው፤ እሱማ ጭራሽ አይገኝም። ጀማሪዋ ትንሽ ትፈልጋለች፣ ታጣለች፣ ዝም ትላለች። ከሳምንት በኋላ ስታዩ ወጥታለች።

ቀጥለን ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግን። ረጅም መመሪያ ጽፈን ከላይ ፒን አደረግነው። ከማቡካት ጀምሮ በሰፌድ እስከማውጣት ሁሉም አለበት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አሁንም አለ። የሚያነበው ግን መጋገር የሚችል ሰው ነው። ጀማሪ ወደኛ የሚመጣው ምጣዱ ግሎ ነው፤ አንድ እጁ በሊጥ ተለውሶ፣ በሌላው ስልክ ይዞ። በዚያ ሰዓት ረጅም ጽሑፍ ማን ያነባል? ሰው ነው የሚፈልገው።

የኛ ነገር ደግሞ ከሌላው ይከብዳል። ጊታር የጀመረ ሰው «አልችልም» ቢል ማንም አይገረምም። እንጀራ አልችልም ማለት ግን፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ «ሙያ የለኝም» ብሎ በአደባባይ መናገር ነው። ስለዚህ ብዙዎች በግሩፑ መጠየቅ ትተው በውስጥ መስመር ይጽፉልኝ ጀመር። «እንዳትስቂብኝ፣ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ እንጀራ ግን ጋግሬ አላውቅም» ያለችኝ አለች። ወንዶቹ ይሻላሉ። ማንም ስላልጠበቀባቸው ያሳረሩትን እንኳ በኩራት ይለጥፋሉ።

የመጀመሪያው ደንባችን የወጣው ከዚህ ነው። ፎቶውን የለጠፈው ሰው ራሱ ካልሳቀ በቀር የሳቅ ኢሞጂ ማድረግ የለም። «የአፍሪካን ካርታ ሠራሽ» የሚለው ቀልድም እንዲሁ፤ ባለቤቷ ከጀመረችው ይቀጥላል። «እናትሽ አላስተማረችሽም እንዴ?» የምትለዋን ግን በቀልድም ብትጻፍ አጠፋታለሁ። እሷን ያነበበች ልጅ ሁለተኛ አትጠይቅም፤ ጸጥ ብለው የሚያነቡት ሌሎች ጀማሪዎችም አብረዋት ይሸሻሉ። በዚህ ተቀይመው የወጡ ነበሩ። ይውጡ።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን በአንድ ክረምት ነው። ሁለት ሰዎች በተቀራራቢ ቀን ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠየቁ።

አንዱ ስዊድን ያለ ወንድማችን ነው። የለጠፈው እንጀራ ልሙጥ ነው፤ ግራጫ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው። መልስ ዘነበበት። አንዷ «አብሲት ጨምር» አለች። ሌላው «ቀጥኖብሃል፣ ዱቄት ጣል አርግበት»። ሌላዋ «ኧረ ወፍሮበታል፣ ውሃ ነው እንጂ»። አንዱ ደግሞ «ምን አደከመህ፣ ሰልፍ ራይዚንግ ቀላቅልበትና ተገላገል»፤ ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበትን የስንዴ ዱቄት ማለቱ ነው። ልጁ ግራ ገባው።

«ሊጡን የት ነው ያስቀመጥከው?» አልኩት።

«መስኮቱ ጋ። ቦታ የለኝም።»

«ዕቃውን በእጅህ ንካው እስቲ።»

«ውይ፣ በረዶ ነው።»

በቃ። ሊጡ ሦስት ቀን ቢቀመጥም አልቦካም፤ ተኝቶ ነው የከረመው። ኦቨኑን ሳይለኩስ ውስጡ ያለችውን መብራት ብቻ አብርቶ ሊጡን እዚያ እንዲያሳድረው ነገርኩት። ከአምፖሏ የምትወጣው ሙቀት ትበቃለች። በማግስቱ አረፋ የያዘ፣ እርሾው ከላይ የተንሳፈፈ ሊጥ ፎቶ ላከ።

ሁለተኛዋ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። እረፍቷ ዓርብ ነው። እንደ አገር ቤቱ ብላ ማክሰኞ ማታ አቡክታ ዓርብ ጠዋት ትጋግራለች። እሷም «አይን አላወጣልኝም» ነው ያለችው። የምትተኛበት ክፍል ግን ሞቃት ነው፤ ሊጡ እዚያ ሲከርም አልፎበታል። ኮምጥጧል፣ ጉልበቱ አልቋል፣ ኩፍ የሚልበት ነገር አልቀረውም። መድኃኒቱ የስዊድኑ ተቃራኒ ነው፤ እርሾ መቀነስ፣ ሐሙስ ጠዋት ማቡካት፣ ቶሎ ከቦካ እስኪጋገር ፍሪጅ ማስገባት። «ወደ ላይ ወጥተሽ ፈልጊ» ብለናት የስዊድኑን መልስ ብታገኝ ኖሮ ጭራሽ ታሞቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠታችን በፊት እኛ እንጠይቃለን። ሊጡ ስንት ቀን ቆየ? የት ተቀመጠ? አብሲት ተጥሎበታል? ከተጣለ በኋላ ኩፍ ብሏል? የእንጀራውን ሳይሆን የሊጡን ፎቶ ላኩ እንላለን። የእንጀራው ፎቶ የሚነግራችሁ መበላሸቱን ብቻ ነው፤ እሱንማ ባለቤቱም አውቆታል።

ጀማሪን ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው አብሲት ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው ሲጣል አይቷል፤ ለምን እንደሚጣል የነገረው ግን የለም። የእናቶቻችን ልኬት «እስኪበቃው» ነው። ስለዚህ እንዲህ ብለን እንጀምራለን። ከቦካው ሊጥ አንድ ጭልፋ ያህል ታነሻለሽ። የፈላ ውሃ ላይ ጨምረሽ እንዳይጓጉል እያማሰልሽ እስኪወፍር ታበስይዋለሽ። ለብ ሲል ወደ ሊጡ ትመልሽውና ኩፍ እስኪል ትጠብቂያለሽ።

ከዚያ ምክንያቱን እንነግራቸዋለን፤ ዋናው ይሄ ነው። የበሰለው ስታርች ሊጡን ያያይዘዋል፣ እርሾው የሚሠራውን አየር እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲፈስ አየሩ ከሥር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዳዳ ይተዋል። አይን የምንለው ያንን ነው። ይሄ የገባው ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል። አብሲቱን እየተንፈቀፈቀ የደፋ ሰው እርሾውን ገድሎታል። ኩፍ ሳይል የቸኮለ ሰው የሚወጣ አየር የለውም። አክንባሎውን ወዲያው የከደነ ሰው ደግሞ አይኑ ሳይወጣ ላዩን በእንፋሎት አብስሎታል። ሦስቱም «አይን አላወጣልኝም» ይላሉ።

ሁለተኛው ደንባችን ነባሮቹን መጀመሪያ አስከፍቷቸው ነበር። የጀማሪ ጥያቄ ሲመጣ የመመለሱ ቅድሚያ መጋገር በቅርብ ለለመደ ሰው ነው፤ ነባር ትንሽ ይታገሣል። «ምጣድ ላይ ነኝ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ማንም ያገኘው ይመልሳል፤ የጋለ ምጣድ አይጠብቅም። በየአገሩ ሰዓቱ ስለሚለያይ ሁሌም የነቃ ሰው አይጠፋም።

ለምን መሰላችሁ? ግሩፓችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጋገሩ አንዲት እናት አሉ። እንጀራቸው ፎቶው ራሱ ያስጎመዣል። «እትዬ፣ መቼ ነው የሚከደነው?» ሲባሉ «ሲደርስ ነዋ ልጄ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እጃቸው ያውቀዋል፣ አፋቸው ግን መናገር አላስፈለገውም። የስዊድኑ ልጅ ደግሞ ለሚቀጥለው ጀማሪ ምን ብሎ ጻፈ? «ላዩን ሙሉ አይን ሲሞላውና እርጥብ መልኩ ሲጠፋ ክደኚ፤ እኔ መጀመሪያ የስልኬን ሰዓት እያየሁ ነበር።» ግራ የተጋባበት ቦታ ገና አልጠፋበትም። እትዬ ግን ሥራ አልፈቱም። የተሳካለትን ሰው ፎቶ አይተው «እሰይ! እጅሽ ይባረክ» የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ ሰዉ ለዚያች ድምፅ ሲል ደግሞ ይጋግራል።

መልሱ አንድ የሆነ ጥያቄም አለ፤ እሱን አውቶማቲክ አድርገነዋል። «ከአዲስ አበባ ያመጣሁት የኤሌክትሪክ ምጣድ አሜሪካ አልሞቅ አለኝ» የሚለው ነው። አገር ቤት 220 ቮልት ነው፣ እዚህ የግድግዳው ሶኬት 120። ቮልቱ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ምጣዱ አልተበላሸም። አሜሪካ ያለው ሰው በብዛት የሚጠቀመው «ሄሪቴጅ ግሪል» አይዋ ግዛት ውስጥ የሚመረት፣ የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ሌፍሳ የሚሉትን ቂጣ የሚጋግሩበት ዕቃ ነው። ስፋቱ 16 ኢንች፣ ሙቀቱ እስከ 500 ፋራናይት። ለኛ የተሠራ ይመስላል እኮ።

የዱቄት ክርክር ግን ሰላም ነስቶን ነበር። «ንጹህ ጤፍ ካልሆነ እንጀራ አይባልም» የሚሉ አሉን። አንድ ጀማሪ ጤፉን ከስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ ጋገርኩ ሲል ይወርዱበታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የስንዴው ግሉተን፣ ሊጡን የሚለጥጠው ፕሮቲን፣ አየሩን ስለሚይዝ ለጀማሪ ይቀላል፤ ልምድ ሲያገኝ ስንዴውን እየቀነሰ ወደ ጤፍ ይሄዳል። ባይሄድስ? የሚበላው እሱ። አንድ ቦታ ላይ ግን ጤፍ ብቻ የሚሉት ትክክል ናቸው። ስንዴ የሚያሳምመው ሰው፣ ሴሊያክ ያለበት፣ ሲጠይቅ «ሰልፍ ራይዚንግ ጨምር» የሚል መልስ አደጋ ነው፤ ስንዴ ነውና። ገብስም አይሆንለትም። ስለዚህ ለማንም ቅልቅል ከመምከራችን በፊት «ለምን ጤፍ መረጥክ?» እንላለን።

የቦካ ሊጥ ላይ ጥቁር ውሃ አየሁ፣ ልድፋው ወይ የሚለውም አያልቅም። ውሃው ያለ ነው፤ ውሃው ተቀንሶ ሊጡ ይጋገራል። ጸጉር ያበቀለ ወይም ሮዝ ቀለም ያወጣ ሊጥ ከሆነ ግን ሙሉውን መጣል ነው።

ሌላ ያስለመድነው ነገር «ውጤቱን ንገሩን» ማለት ነው። መልስ ተሰጥቶ ጠያቂው ከጠፋ ምክሩ ይሥራ አይሥራ ማን ያውቃል? የተሳሳተውም ከትክክለኛው እኩል ተቀምጦ ይቀራል። አሁን አንድ ሰው መልስ ሲያገኝ ከሚቀጥለው ጋገራ በኋላ ፎቶ እንዲልክ እንለምነዋለን። «ያልከኝን አድርጌ ባሰብኝ» ያለችም አለች፤ ከሷ ብዙ ተምረናል።

የሰለቻቸው ነባሮች ደግሞ የራሳቸው ክፍል አላቸው። ማኛና ሰርገኛ ጤፍ ያወዳድራሉ፣ ለማሰሻ የሚሆን ጎመን ዘር የት እንደሚገኝ ይጠያየቃሉ፣ ስለ እርሾ አቀማመጥ ይከራከራሉ። ለጀማሪ መመለስ የማንም ግዴታ አይደለም። ማላገጥ ግን ክልክል ነው። የሚገርመው፣ ግዴታው ሲነሳላቸው ደስ ባላቸው ቀን መጥተው የሚመልሱ አሉ።

ያልፈታነው ነገር አለ። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም። የሚጠይቁት በላቲን ፊደል ነው፤ የሚመለስላቸው በፊደላችን። ለጊዜው ዋና ዋናዎቹን መልሶች በአጫጭር ድምፅ ቀድተናል፤ አንዷ ልጅ ደግሞ በየድምፁ ሥር በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ትጽፋለች። እስካሁን የአብሲቱ ላይ ደርሳለች፤ ምጣዱ ይቀራል።