ሁለቱም ጎፈር

ይህን ገጠመኝ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። የምሠራው መርካቶ፣ ብረት በማሽን እያሽከረከርን የምንቀርጽበት ቶርኖ ቤት ነው። የተበላ ሻፍት፣ ቡሽ፣ ፑሊ፣ የየዕለቱ እንጀራችን ይኸው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ ሰው ገቡና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ። የደርግ ጊዜ ስሙኒ ነው።

«ይኼን ለሁለት ክፈትልኝ» አሉኝ።

አነሳሁት። አንበሳ። ገለበጥኩት። አሁንም አንበሳ። በሁለቱም ፊት ኢትዮጵያ ይላል፣ በሁለቱም ፊት ፲፱፻፷፱ ተጽፏል። እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉት ወንድና ሴት የሉም። ሃያ አምስት ሣንቲም የሚለውም የለም፣ እሱ የሚጻፈው በእነሱ በኩል ነውና።

«ለምንድነው የሚከፈተው ጋሼ?» አልኳቸው።

ሣንቲሙን የሰጣቸው አጎታቸው ነው። በልጅነታቸው ሱቅ የሚላክ ሰው ሲያስፈልግ አጎትየው «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይሉና ሣንቲሟን ያጎናሉ። ጎፈር የአጎትየው ነው፣ ዘውድ የልጆቹ። ሁሌ ጎፈር ይወጣል፣ ሁሌ ልጅ ይላካል። በኋላ አጎትየው ምስጢሩን አሳይተው ለእሳቸው ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው አልወጣም። ቤት ሲቀይሩም፣ አገር ሲቀይሩም ይዘውት ዞረዋል።

በቅርቡ ግን ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለጉና አንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ወሰዱት። ሰውዬው መጀመሪያ የፋብሪካ ስህተት ነው፣ ብርቅ ነው ብሎ ትንሽ ብር ቆጠረላቸው። እሳቸው ሲያመነቱ ቃሉን ለወጠ። «እንዲያውም ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም። ቶርኖ ቤት ወስደህ አስከፍተው። ድፍን ከሆነ እገዛሃለሁ» አላቸው።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ድፍን ከሆነ እኮ ተቆርጦ አለቀ! መሐሉ የተሰነጠቀ ብርቅ ዕቃ ማን ይገዛል? ሰውዬው ምን እንደያዘ ጠንቅቆ ያውቃል። በርካሽ አልሸጥም ያሉትን ሰው ዕቃቸውን በገዛ ገንዘባቸው እንዲያበላሹ መላኩ ነው። ይህን ያደረገው የልጅነት ዕቃ ይዞ በሄደ ሰው ላይ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከኋላዬ «ደንበኛ ክፈት ካለህ ክፈት፣ ምን ቸገረህ?» አለኝ። አልከፍትም አልኩ። ሳይከፈትም የሚናገር ሣንቲም ነው።

መጀመሪያ ከመሳቢያዬ የዚያኑ ዘመን ተራ ስሙኒ አወጣሁ። የማሽኑ ብረት አልጋ ላይ ጣልኩት፤ ቅጭል ብሎ ጮኸ። የሳቸውንም እዚያው ብረት ላይ፣ ብዙም ሳላርቅ ቀስ ብዬ ጣልኩት፤ ጠብ ብሎ ቀረ። ድፍን ብረት ሲመታ መላ አካሉ አንድ ላይ ይርገበገባል። ሁለት ቁራጭ ተጋጥሞ ከሆነ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያፍነዋል። ቀጥሎ ጎረቤት ወርቅ ቤት ሄጄ አጉሊ መነጽር ተዋስኩ፣ በዚያው አስመዘንኩት። ከተራው ትንሽ ይቀላል።

በመነጽሩ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንደኛው ፊት ንጹሕ ነው። ሌላኛው ፊት ላይ፣ ከፍ ብሎ የሚዞረው ጠርዝ ለጥ ካለው ሜዳ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ ከፀጉር የቀጠነ መስመር ክቡን ይዞራል። አንድ ቦታ ብቻ ትንሽ እድፍ ገብቶበታል፤ እድፉ ባይኖር ኖሮ እኔም ላላየው እችል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ስሙኒ ይወሰዳል። አንደኛው ቶርኖ ላይ ይታሰርና ሰዎቹ ያሉበት ፊት ጠርዙ ብቻ ሲቀር ይፋቃል። ክዳን የሌለው ሳህን ይመስላል። ሁለተኛው ጠርዙ ዙሪያውን ይነሳለታል፣ ከጀርባው ይፋቃል፣ አንበሳው ያለበት ስስ ክብ ብቻ ይቀራል። ያ ክብ ሳህኑ ውስጥ ተጠብቆ ይገባል።

በወሬ ቀላል ነው። ግን ስሙኒ ስፋቱ ከ21 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፣ ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም። ከዚያ ላይ ግማሽ ግማሹን መፋቅ ነው። መቁረጫው በትንሹ ቢገፋ ቀዳዳ ነው። ክቡ ትንሽ ቢሰፋ አይገባም፣ ቢጠብ ተንቀጫቅጮ ይወድቃል። ደግሞ የማሽኑ መንጋጋ የነከሰበት ምልክት ጠርዙ ላይ አላገኘሁም። ይህ ማለት ሠሪው ሣንቲሙን ከመንካቱ በፊት ለስለስ ካለ ብረት፣ ምናልባት ከናስ፣ መያዣ ቀለበት ሠርቶለታል ማለት ነው። ለልጆች መሳቂያ ይህን ያህል የለፋን ሰው አከብራለሁ።

ሁሉንም አስረዳኋቸው። የፋብሪካ ስህተትማ በዓለም ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የሩብ ዶላሩ ዋሽንግተን በአንድ ዶላሩ ሣንቲም ላይ ታትሞ ወጥቶ ጉድ ተብሏል። እንዲያ ያለው ሣንቲም ግን ድፍን ነው። በመሐሉ መጋጠሚያ መስመር አይኖረውም።

«ታዲያ ፎርጅድ ነዋ» አሉ፤ ፊታቸው ወረደ።

«የለም ጋሼ። ፎርጅድ ማለት ሰው ሊበላበት የተሠራ ነው።» የጃንሆይን ጊዜ ስሙኒ ነገርኳቸው። 1936 ዓ.ም. የሚለው የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር፣ መጠኑም ከብር ከተሠራው ሽልንግ፣ ማለትም ከሃምሳ ሣንቲሙ፣ ጋር ይቀራረባል። ሰው ብር እየቀባ በሽልንግ ሒሳብ ሲያሻግረው ጊዜ መንግሥት ዙሪያው ሞገድ ሞገድ ባለው ቀየረው። «ፎርጅድ ያ ነው። የእርስዎ ዋጋ እንኳን አልተጻፈበትም። ማንንም ሱቅ አላታለለም።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ማሽኔን እያዩ «ይኼ ሥራ በዚህ ዓይነት ማሽን ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«አጎቴ እኮ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነበር።»

«ምን ክፍል?»

«ጥገና። ሁሌ እጁ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። ሣንቲሙን ግን ፈረንጅ ሰጠኝ ነው የሚለን።»

የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ቤት በእኛ ሙያ ትልቅ ስም ነው። ለፈረንሳይ ባቡር የጠፋውን መለዋወጫ እዚያው እየቀረጹ ያስኬዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የአጎትየው እጅ ነው ብዬ መመስከር አልችልም፤ አልመሰከርኩምም። «ይህን የሠራው ቶርኖ በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ሣንቲሙ አይነግረኝም» አልኳቸው። እሳቸው ግን መልሱን ከእኔ የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር። መነጽሩን ተቀብለው መስመሩን ፈለጉት። ሲያገኙት «አንተ ሰውዬ!» አሉ፤ እኔን እንዳልሆነ ገባኝ።

ያልኩትን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። በሥራ ቤታችን ደረሰኝ ጀርባ አሠራሩን ባጭሩ ጻፍኩ። አለቃችን ሲገባ ብር ያልተቀበልኩበት ደረሰኝ መቀደዱን አይቶ ተቆጣ።

ለካ ሰውዬው ወረቀቱን ወስደው ለነጋዴው አሳይተውታል። ነጋዴው ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ደወለልኝ። ይከራከረኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ማር ነው።

«ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ገልጸኸዋል። አንተ ራስህ ትሠራዋለህ?»

«ልሠራው እችላለሁ።»

«እንግዲያው አሥር ሥራልኝ። ስሙኒውን እኔ አመጣለሁ። ቱሪስት ይወደዋል።»

«ምን ብለህ ነው የምትሸጠው?»

«እሱን ለእኔ ተወው። የፋብሪካ ስህተት እንላለን።»

«እኔ ዘንድ ፎርጅድ አይሠራም» ብዬ ዘጋሁት።

አለቃችን አሥሩን ሣንቲሞች አልሠራም ማለቴን ሲሰማ አልወደደውም፤ ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ያነሳብኛል። የእኔም መልስ ያው ነው። ሣንቲሙ አልተሸጠም።