«ቤትህ እባብ አለ አሉ?» የ14 ወር ማስታወሻዬ

ቡኒ ቤቴ ከገባች 14 ወር ሞላት። እባብ ናት፤ ቦል ፓይተን ከሚባሉት፣ መርዝ ከሌላቸው ወገን። ርዝመቷ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር የሚረከባት ሰው አጣ። ሦስት ወር ሙሉ ሳነብ ከረምኩ፤ የአፓርታማውን አስተዳደር በጽሑፍ አስፈቀድኩ፤ ከዚያ ወሰድኳት።

አያያዟ ያን ያህል አልከበደኝም። የመስታወት ቤቷ በአንድ ወገን 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሌላው 26 ዲግሪ ግድም ነው፤ ሙቀቱን ቴርሞስታት ይቆጣጠረዋል። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ፍሪዘር ውስጥ ቆይቶ በረዶው የለቀቀ የሞተ አይጥ ትበላለች። ይሄን በሁለት ወር ለመድኩት። ሰዉን ግን ይኸው እስከ ዛሬ እየተማርኩት ነው። እናንተም እባብ ካላችሁ፣ ወይም ለመያዝ ካሰባችሁ፣ የምጽፍላችሁ ስለ ሰዉ ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ቃሉ ነበር። «ፓይተን አለኝ» ስል ሰው ትንሽ ያስባል። ከዚያ አንዱ «ዘንዶ ማለት እኮ ነው!» ይላል፤ በቃ፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ይበላሻል። ልክ ነው፣ ፓይተን በአማርኛ ዘንዶ ነው። ግን ዘንዶ ሲባል ለኛ የሚታየን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የተጋደመው ነው። ልጅ ሆነን የሰማነው፣ ሰው እየገበረለት ይነግሥ ነበር የተባለው አርዌም አለ። ቡኒ ስትፈራ የምታደርገው ጭንቅላቷን መሀል ከትታ እንደ ኳስ መጠቅለል ነው። «ቦል» የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ አሁን «መርዝ የሌላት፣ ድብልብል የምትል ትንሽ እባብ» ብዬ ነው የምጀምረው። ዘንዶ የሚለው ቃል ከመጣ አልክድም፤ ግን እኔ አላስቀድመውም።

ሁለተኛው ወር ላይ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ቡና ተጠርተን አንዲት እናት «ልጄ፣ ሔዋንን ያሳታትን ነው ቤትህ ያስገባኸው?» አሉኝ። ተዘጋጅቼ ነበር። «እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ» የሚለውን ከማቴዎስ ወንጌል ጠቀስኩላቸው። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን የናሱን እባብ ጨመርኩ። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣቸው እባብ ነው አልኩ። እሳቸው ዝም አሉ። ክርክሩን ረታሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቤቴ መጥተው አያውቁም፤ ድሮ በየወሩ ድፎ ይዘው ይመጡ ነበር። የጠየቁኝ ፈርተውልኝ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ቃል «አይዞዎት፣ እጠነቀቃለሁ» ብል ይበቃ ነበር።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውን በብዛት እሰማለሁ። ለዚህኛው መልስ አለኝ፤ ደስ እያለኝም ነው የምናገረው። የቡኒ ዘሮች አገራቸው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ቤኒን ውስጥ ዊዳ የምትባል ከተማ የፓይተኖች ቤተ መቅደስ አለ፤ የቮዱን እምነት ተከታዮች ያከብሯቸዋል። ከቤተ መቅደሱ ወጥቶ ሰው ቤት የገባ እባብ ካለ አይገደልም፤ ተይዞ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ እምነቱን አልከተልም። ግን አፍሪካዊ ሁሉ እባብ ሲያይ ድንጋይ ያነሳል የሚለው ልክ አይደለም።

ደግሞስ ፈረንጁ መች አይፈራም? እ.ኤ.አ. በ2001 ጋሉፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ድርጅት አሜሪካኖችን ምን እንደሚፈሩ ሲጠይቅ፣ 51 በመቶው እባብ እንፈራለን ብሏል። ሰው ፊት ቆሞ መናገርን የጠቀሱት 40 በመቶ ነበሩ። ሥራ ቦታ የሰሙት ወዲያው ፍሎሪዳን ያነሱብኛል፤ ኤቨርግሌድስ ረግረግ ውስጥ ተባዝተው የዱር እንስሳውን እየጨረሱ ያሉትን የበርማ ፓይተኖች። ስጋታቸው እውነተኛ ነው። የበርማው ፓይተን ሌላ ዝርያ ነው፤ ከ5 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ግን የነዚያ መነሻቸው ከሰው እጅ ያመለጡ ወይም ባለቤቶቻቸው ሰልችቷቸው የለቀቋቸው እንደሆኑ ይታመናል። ይሄን ስሰማ ነው ለቡኒ ቤት ሁለት ቁልፍ የገዛሁት።

አሁን የእህቴን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። 7 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ቀን መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ «ለምንድነው ምላሷን የምታወጣው?» አለችኝ። የምታሸተው በምላሷ ነው ብዬ እያስረዳኋት እህቴ ከኋላ ገባች። ጮኸች። ልጅቷ ዞራ እናቷን አየች፤ ከዚያ ወደ ቡኒ ተመለሰች። ፊቷ ሲለወጥ ዓይኔ እያየ ነው። እባቧ አልተንቀሳቀሰችም፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር የእናቷ ፊት ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለስድስት ወር ወደዚያ ክፍል አልገባችም።

በኋላ ሳነብ ሱዛን ሚኔካ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባልደረቦቿ ጋር በጦጣዎች ላይ የሠራችውን ጥናት አገኘሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያደጉት እባብ አይፈሩም ነበር። ዱር የተወለዱት ሲደነግጡ ካዩ በኋላ ግን እነሱም መፍራት ጀመሩ። በቪዲዮ ሌሎቹ አበባ የሚፈሩ አስመስለው ሲያሳዩአቸው ግን አበባ መፍራትን አልተማሩም። እባብን መፍራት ቶሎ ይጋባል ማለት ነው። እህቴን አልወቅሳትም። ቀድሜ ሳልነግራት ልጇን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ሳልናገር በሬን አልከፍትም። ስጋብዝ በስልክ እናገራለሁ። እንግዳ ሲመጣ የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋል፤ የመስታወቱ ቤት ጨርቅ ይለብሳል። «ላሳይህ?» አልልም፤ ራሱ ከጠየቀ ብቻ ነው። አንገት ላይ አድርጎ ፎቶ መነሳት የለም። «ትናከሳለች?» ሲሉኝ «አዎ፣ ልትነክስ ትችላለች» እላለሁ። አንዴ ነክሳኛለች፤ እጄ አይጥ አይጥ ይሸት ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጭረት ነበር፤ በሳሙና ታጥቤ አለፈ። «በፍጹም አትናከስም» ስል ማንም አያምነኝም ነበር፤ እውነቱን ስናገር ግን ሰው ይረጋጋል። ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያም ሊኖርባት ይችላል፤ ስለዚህ የነካ ሁሉ ይታጠባል፤ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይነካትም።

አይጦቹን ነገር እንዳልረሳ። ከእባቧ ይልቅ ሰዉን ያስቀየመው ፍሪዘሩ ነበር። ታሽጎ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው፤ ግን እንጀራና ቁሌት ያለበት ፍሪዘር ውስጥ ማን ይቀበላል? ትክክል ናቸው። ትንሽ ፍሪዘር ለብቻ ገዝቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሰው ቤቴ እንደ ድሮው መብላት ጀመረ።

ባለፈው ክረምት እማዬ እህቴን አራስ ልትጠይቅ ከጎጃም መጣች። በስልክ ነገርኳት። ረጅም ዝምታ። ከዚያ «በሩ ይቆለፋል?» አለችኝ። መጣች፤ ሶፋው ላይ እግሯን ሰብስባ፣ ዓይኗን ከተዘጋው በር ሳትነቅል ዋለች። እኔ ለማስረዳት ስጀምር በእጇ አቆመችኝ።

ማታ ላይ ራሷ አወራች። ታላቅ ወንድሟ ጤፍ ሲያርም በባዶ እግሩ እፉኝት ረገጠ። በቃሬዛ ተሸክመውት ሲሄዱ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። 19 ዓመቱ ነበር። አጎቴ በልጅነቱ መሞቱን አውቃለሁ፤ በምን እንደሞተ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መርዝ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞታል ይላል። ቁጥሩን ከዚያ በፊት አንብቤው ነበር። የእናቴ ወንድም እዚያ ውስጥ እንዳለበት ግን አላውቅም ነበር። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያልኩ በሰው ፍርሃት የሳቅኩባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ፤ አፈርኩ።

አገር ቤት ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ፣ አደራችሁን ከሜዳ እባብ ይዛችሁ ለማሳደግ እንዳትሞክሩ። መርዛማውን ከሌላው በዓይን መለየት ቀላል አይደለም፤ መድኃኒቱም በየቦታው አይገኝም።

እማዬ ቡኒን አላየቻትም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት ግን ቡኒ ቆዳዋን ገፈፈች። ከራስ እስከ ጅራት ሳይቀደድ፣ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወጣ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ርዝመቱን ስለካ እማዬ ገባች። ቆማ አየችው። ከዚያ በሁለት ጣቷ ጫፉን አነሳችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ራሱ ላይ ሁለት ክብ፣ እንደ መስታወት ጥርት ያሉ ነገሮች አየች። «ይሄ ምኗ ነው?» አለች። ዓይኗን የሚሸፍነው ነው አልኳት፤ እባብ የዓይን ቆብ የለውም፣ ስለዚህ ሽፋኑ ከቆዳው ጋር አብሮ ይወልቃል። «ዓይኗም ይታደሳል በለኛ» አለች። ቀስ ብላ አስቀመጠችው፤ እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች።

አሁን ቡኒ ምግብ ካቆመች 9 ሳምንት ሆኗል። ቦል ፓይተኖች በብርድ ወራት እንዲህ ያደርጋሉ፤ ከ1,520 ግራም ወደ 1,485 ብቻ ነው የወረደችው፤ ስለዚህ እየመዘንኩ እጠብቃለሁ። እማዬ «የነቢያትን ጾም ይዛ ነው» ብላ ነበር። ጾሙ ተፈታ፤ ገናም አለፈ። እሁድ እሁድ ስትደውል ስለ ሥራዬና ስለ ጤናዬ ከጠየቀች በኋላ፣ ስሟን ሳትጠራ፣ «ያቺስ በላች?» ትለኛለች።